አናሳነት ሲደራረብ፦ ሐኪምና ታካሚ አብረው እንዴት ይወስናሉ?

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ደሙን የሚያጣራበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ንቅለ ተከላ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው፤ እስኪገኝ ድረስ ግን እጥበት ግድ ይሆናል። እጥበትም አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ወደ ሕክምና ማዕከል እየሄዱ፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ገደማ ከማሽን ጋር ተያይዞ መቆየት ነው። ሌላው በሆድ በኩል የሚደረገው ነው፤ በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ይገባል፣ ቆይቶ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ ታካሚው ሥልጠና ወስዶ ቤቱ ሆኖ ራሱ ይሠራዋል።

የትኛው ይሻላል? ለብዙ ታካሚዎች ሕክምናው ብቻውን መልስ አይሰጥም። ማዕከሉ ምን ያህል ይርቃል? ሥራ አለ ወይ? ቤት ውስጥ የፈሳሽ ካርቶኖች የሚቀመጡበት ቦታ ይገኛል? መርፌ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው ወይስ ብቻን ሆኖ መሳሳት? የእነዚህን መልስ ሐኪሙ አያውቅም። ታካሚው ደግሞ የኢንፌክሽን ሥጋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ልቡ የትኛውን እንደሚችል አያውቅም። ሁለቱ የየራሳቸውን እውቀት ይዘው ሲቀራረቡ የሚደረስበት ውሳኔ ነው የጋራ የሕክምና ውሳኔ የሚባለው።

ስለዚህ «ሐኪም ያለው ይሁን» የጋራ ውሳኔ አይደለም። «አማራጮቹ እነዚህ ናቸው፣ አንብበው ይምረጡ» ብሎ ወረቀት ማቀበልም አይደለም። እኔ ሁለተኛውን ይበልጥ እፈራዋለሁ፤ አክብሮት ይመስላል እንጂ የታመመን ሰው ከነሸክሙ ጥሎ መሄድ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ኮሚሽን ስለ ሕክምና ውሳኔ ባወጣው ሪፖርት ውስጥ ነበረ። በ2015 ደግሞ የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞንትጎመሪ በተባለው ክስ የሕግ ክብደት ሰጠው። ከሳሿ ስኳር ያለባትና ቁመቷ አጭር የሆነች እናት ነበረች። ስኳር ባለባት እናት በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ የመቀርቀሩ ዕድል ከ9 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ሐኪሟ ይህን እያወቀች አልነገረቻትም፤ ሕፃኑ ተቀረቀረ፣ አየር አጥሮት ለዕድሜ ልክ ጉዳት ተዳረገ። ፍርድ ቤቱ የወሰነው እንዲህ ነው፦ ሐኪም ሊናገር የሚገባውን የሚለካው ሌሎች ሐኪሞች በሚያደርጉት ልማድ አይደለም። በታካሚዋ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገውን፣ ከዚያም አልፎ ይህችው ታካሚ ራሷ ትልቅ ነገር ነው የምትለውን አደጋ መንገር አለበት።

«ይህችው ታካሚ» የሚለውን ልብ እንበል። ሁሉም ነገር የሚከብደውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ይህች ታካሚ ማን እንደሆነች ካላወቀ ምን እንደሚነግራት አያውቅም።

አንዲት ሴት በሐሳባችን እንያዝ። ኃምሳ ዓመት አልፏታል። ስትወለድ ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት። ከተወለደችበት አገር ተሰድዳ በሌላ አገር ትኖራለች፤ በዚያ አገር የቆዳዋ ቀለም ከብዙኃኑ ይለያል። ኩላሊቷ ደክሟል፤ ስለ እጥበት የምትወስንበት ቀጠሮ ደርሷል። ሆስፒታሉ ግዴለሽ አይደለም። ስደተኞች የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው አለው። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም አለው። ሁለቱም ተጠሩ፤ ሁለቱም ሊያነጋግሯት አልቻሉም። የመጀመሪያው የአገሯን የአፍ ቋንቋ ያውቃል፣ እሷ አትሰማም። ሁለተኛዋ የአዲሱን አገር የምልክት ቋንቋ ታውቃለች፣ የእሷ የምልክት ቋንቋ ሌላ ነው። የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ አይደለም፣ አገር ከአገር ይለያያል። ጽፎ ማሳየትም ሁልጊዜ አያድንም፤ መስማት ተስኖት ለተወለደ ሰው ጽሑፍ የሌሎች ቋንቋ ነው፣ እዚህ ደግሞ የሌላ አገር ጽሑፍ ሆነባት።

ለስደተኛ የተዘጋጀ አገልግሎት አለ፤ መስማት ለተሳነው የተዘጋጀ አገልግሎት አለ። ለእሷ ግን የለም።

ይህን ክስተት በደንብ ያስረዳው የሕክምና ሰው አይደለም፣ አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ ናት። ታሪኩ የመኪና ፋብሪካ ነው። አምስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው እስከ 1964 ድረስ ጥቁር ሴት አይቀጥርም ነበር። በኋላ ሠራተኛ ሲቀንስ «በመጨረሻ የገባ አስቀድሞ ይውጣ» በሚል ደንብ ነበርና ከ1970 በኋላ የገቡት ጥቁር ሴቶች በሙሉ ወጡ። ፍርድ ቤቱ በ1976 አቤቱታቸውን በጥቁርነትና በሴትነት አጣምሮ ለማየት አልፈቀደም። ኩባንያው ሴቶችን ይቀጥር ነበር፤ ሴቶቹ ነጮች ነበሩ። ጥቁሮችንም ይቀጥር ነበር፤ ጥቁሮቹ ወንዶች ነበሩ። በሁለቱ መካከል የቆሙት ሴቶች በየትኛውም መዝገብ አልታዩም። ክሬንሾ በ1989 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን በመስቀለኛ መንገድ መሰለችው፦ መኪና ከአንድ አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል፣ ከሌላውም፤ መገናኛው ላይ የቆመን ሰው ከሁለቱም ሊገጨው ይችላል፤ የትኛው እንደገጨው ለይተህ አሳይ ማለት ግን ፍርድ አይሆንም።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ተደራራቢ አናሳነት፣ ማለትም አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆኑ አናሳ ወገኖች ውስጥ መገኘቱ፣ እንደ ሒሳብ መደመር አይደለም። ስደተኛነት ሲደመር መስማት መሳን፣ ሲደመር የቆዳ ቀለም፣ ሲደመር ሴትነት ብለን ድምሩን ብናወጣ ሴትየዋን አናገኛትም። ሲገናኙ የሚፈጠረው ችግር በየትኛውም በነጠላው ውስጥ ያልነበረ ነው። ሁለት አስተርጓሚ ተቀምጦ ቃል የማይተላለፍበት ክፍል እንዲህ ያለ ችግር ነው።

እሷ ሳትናገር አስቀድሞ የተነገረው

የጋራ ውሳኔ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሚጀምር ይመስላል። በእውነት ግን ሴትየዋ በሩን ሳትከፍት ብዙ ነገር ተወስኗል።

መጀመሪያ ፋይሉ አለ። በ2022 የታተመ አንድ የቺካጎ ጥናት ከ40,000 በላይ የሕክምና ማስታወሻዎችን መርምሮ፣ ጥቁር ታካሚዎች እንደ «እምቢተኛ»፣ «ትእዛዝ የማይከተል»፣ «የሚቆጣ» ባሉ ቃላት የመገለጽ ዕድላቸው ከነጮች ከ2.5 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ባለፈው ዓመት አስተርጓሚ ሳይኖር ስለ መድኃኒቷ ተነግሯት፣ ሳይገባት ቀርታ ሳትወስድ ብትቀር፣ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው «አልተረዳችም» ላይሆን ይችላል። «መድኃኒት አትወስድም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቀጣዩ ሐኪም ይህን ሲያነብ «ይህች ሴት ቤቷ ውስጥ እጥበት ለመሥራት አትታመንም» ብሎ ያንን አማራጭ ከጠረጴዛው ላይ ሊያነሳው ይችላል፤ ምናልባት ሳይታወቀው። እሷ የምትመርጠው ከቀሩት ውስጥ ነው፤ አንድ እንደጎደለም አታውቅም።

ቁጥሩም አለ። የኩላሊት አቅም የሚገመተው ከደም ምርመራ በቀመር ነው። ከ2009 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን 16 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገው ነበር። አንድ ዓይነት ደም ያላቸው ሁለት ሰዎች ቢመረመሩ የጥቁሩ ኩላሊት በወረቀት ላይ የተሻለ ሆኖ ይታያል ማለት ነው፤ ለንቅለ ተከላ ወረፋ ለመግባት ደግሞ ቁጥሩ መውረድ ነበረበት። ዘርን ያወጣ አዲስ ቀመር የቀረበው በ2021 ነው። በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ሆስፒታሎች በአሮጌው ቀመር ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ታካሚዎችን ፈልገው የወረፋ ዘመናቸውን እንዲያስተካክሉ ታዘዙ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ በቅን ልብ «ገና ጊዜ አለን» ብሎ ሲነግራቸው ታካሚዎቹም አምነው ሲስማሙ የተወሰነው ውሳኔ፣ በመልኩ የጋራ ነበር። የቆመበት መረጃ ግን የተዛባ ነበር።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ከአድልዎ ነጻ አይደለም። በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ፣ በደም ምርመራ ሲታይ ኦክስጅኑ ከ88 በታች ወርዶ የተገኘው ከጥቁር ታካሚዎች ልኬቶች በ11.7 በመቶው፣ ከነጮች በ3.6 በመቶው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትዝታ አለ። በአሜሪካ ቱስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች ሕክምና እየተደረገላችሁ ነው እየተባሉ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይሰጣቸው፣ በሽታው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ብቻ ተመራማሪዎች ተከታትለዋቸዋል። ስዊድን ፆታውን በሕግ መቀየር የሚፈልግን ሰው መካን እንዲሆን ማስገደዷን የተወችው በ2013 ነው። እነዚህ ሩቅ ታሪክ የሚመስሉት ላልደረሰባቸው ነው። ታካሚዋ ዝም ስትል፣ ወይም ስምምነቱን ለመፈረም ስታመነታ፣ «ግንዛቤ ይጎድላታል» ማለት ቀላል ነው። ጥንቃቄዋ ግን ከእውቀት የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም ብሆን የምጠይቃት «ለምን አያምኑንም?» ብዬ አይደለም። «ከዚህ በፊት በሕክምና ቦታ ያጋጠመዎትና እንዳይደገም የሚፈልጉት ነገር አለ?» እላታለሁ። ይህ ጥያቄ ይቅርታም ክርክርም ሳያስፈልገው በር ይከፍታል።

ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን

አስተርጓሚ ጠፋ ሲባል ወደ ቤተሰብ ይዞራል። የሴትየዋ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ይሰማል፣ የእናቱን የምልክት ቋንቋ ያውቃል፣ የአገሩንም ቋንቋ ከትምህርት ቤት ለምዷል። ሐኪሙ እፎይ ብሎ ፊቱን ወደ ልጁ ያዞራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናትየዋ ታካሚ መሆኗ ቀርቶ የሚወራባት ሰው ትሆናለች።

ልጁ «የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን» የሚለውን እንዴት እንደሚያስተላልፍ አያውቅም። ቢያውቅም «ያለ እጥበት ስንት ጊዜ እኖራለሁ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን በእጁ ለእናቱ መንገር አለበት። አብዛኛው ልጅ ያለሰልሰዋል፤ ማንም ልጅ ያደርገዋል። እናትየዋም በበኩሏ ልጇ እንዳይደነግጥ ፍርሃቷን አታወጣም። አንዱ ሌላውን ከድንጋጤ ሊጠብቅ ሲል ሐኪሙ ጋር የሚደርሰው «እሺ ብላለች» ብቻ ይሆናል።

ብቁ አስተርጓሚ አለመኖር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በፍሎሪዳ በ1980 የደረሰ አንድ ጉዳይ ያሳያል። የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቦቹ በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞታል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው ተረዱት። አንጎሉ ውስጥ ይደማ ነበር፤ ሳይታወቅ ጊዜ አለፈ፣ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። በኋላ የተደረሰበት የካሣ ስምምነት 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አንዲት ቃል ናት።

ብቁ አስተርጓሚ መጥቶም ነገሩ ላያበቃ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ስደተኛው ማኅበረሰብ ትንሽ ነው። በውስጡ ያሉት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ። አስተርጓሚዋ ታካሚዋን በሠርግና በለቅሶ የምታገኛት ሰው ልትሆን ትችላለች። ታካሚዋ አብራት የምትኖረው የሕይወት አጋሯ ሴት ብትሆንና ይህን ማኅበረሰቡ ባያውቅ፣ በዚያች አስተርጓሚ ፊት አትናገረውም። ሐኪሙ «ባል አለዎት?» ይላል፤ «የለኝም» ትላለች፤ ሐኪሙም ቤት ውስጥ የሚያግዛት ሰው እንደሌለ ይመዘግባል። አጋሯ ሥልጠናውን ልትወስድ፣ ማታ ማታ ልታግዛት ትችል ነበር፤ ማንም አልጠራትም። ጥያቄው «ቤት ውስጥ ማን ከጎንዎ አለ?» ቢሆን፣ አስተርጓሚዋም ከሩቅ ቦታ በቪዲዮ የምትገባ የማታውቃት ሰው ብትሆን፣ የተነገረውም የት እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው አስቀድሞ ቢገለጽላት መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ላለመናገርም መብት አላት፤ ማንነቷን የምትገልጥበትን ሰዓት የምትመርጠው እሷ ናት።

ዝርዝር ሸምድዶ አይሆንም

ጉዳዩ ያሳሰባቸው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ስለ እነዚህ ሰዎች ባህል ምን ልወቅ?» ብለው ነው። ቅን ጥያቄ ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። «የእነ እገሌ አገር ሰዎች ውሳኔ ለቤተሰብ ይተዋሉ» የሚል ዝርዝር የያዘ ሐኪም ሴትየዋን ሳይጠይቃት ወንድሟን ይጠራል። ሜላኒ ቴርቫሎንና ጃን መሪ-ጋርሲያ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1998 የባህል ትሕትና የሚል ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ ነው። የሰውን ባህል ተምሮ ጨርሶ መመረቅ አይቻልም፤ ሐኪሙ የራሱን ሥልጣንና ግምት እየመረመረ፣ ከፊቱ ካለው ሰው ዕድሜ ልኩን ይማራል። ማንነት ሲደራረብ ይህ አማራጭ የሌለው መንገድ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ መገናኛ የተጻፈ መመሪያ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

አንዳንድ ታካሚ በእውነት መወሰን አይፈልግም። «እርስዎ የበለጠ ያውቃሉ፣ እርስዎ ይወስኑልኝ» ይላል፣ ወይም «ታላቅ እህቴ ትወስን» ይላል። ይህም የእሱ ውሳኔ ነው፤ ይከበር። ነገር ግን ከአፉ መስማት ያስፈልጋል፤ ቢቻል መጀመሪያ ለብቻው ተጠይቆ። ከመልኩ፣ ከስሙ ወይም ከአካል ጉዳቱ ተነስቶ «ይህ ሰው መወሰን አይፈልግም» ማለት ውሳኔውን መንጠቅ ነው።

ጊዜ የለም የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል፤ የተጨናነቀ የሕክምና ክፍል ያየ ሰው አይንቀውም። ሆኖም በስዊዘርላንድ ባዝል ታካሚዎች ሳይቋረጡ እንዲናገሩ ተትተው በሰዓት ተለክተው ነበር። በ2002 የታተመው ውጤት በአማካይ 92 ሰከንድ እንደተናገሩ፣ ከመቶው 78ቱም በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደጨረሱ ያሳያል። በ1984 የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ታካሚን የሚያቋርጡት በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ እንደሆነ አግኝቷል። በአስተርጓሚ ሲሆን በእርግጥ ይረዝማል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ቀጠሮ መያዝ የሆስፒታሉ ሥራ እንጂ ታካሚዋ ለምና የምታገኘው ችሮታ ሊሆን አይገባም።

ንግግሩን የሚያቀል ነገርም አለ። ውሳኔን የሚያግዙ በሥዕልና በቁጥር የተዘጋጁ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ጥቅማቸው በደንብ ተመርምሯል፤ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2024 ያወጣው ግምገማ 209 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ታካሚዎች የተሻለ እንዲያውቁና ለራሳቸው ትልቅ ቦታ ከሚሰጡት ነገር ጋር የሚስማማ ምርጫ እንዲያደርጉ እንደሚረዱ አሳይቷል። ሌላው መልሶ ማስነገር ነው። «ገባዎት?» ለሚለው ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል፤ በተለይ ተንቆ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይላል። «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ቤት ሲደርሱ ለአጋርዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ሲባል ግን ያልገባው ይወጣል፣ ጥፋቱም የሚወድቀው በአስረጂው ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች ሴት እንመለስ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ አሉ እንበል፤ ሐኪሙ፣ የአገሩን የምልክት ቋንቋ የምታውቀው አስተርጓሚ፣ ከእሷ ጎን ደግሞ ራሱ መስማት የተሳነው፣ ከሌላ አገር ከመጡ ሰዎች ጋር በእጅ መግባባት የሠለጠነ ሁለተኛ አስተርጓሚ። ቃሉ ከሐኪሙ ወደ አንዷ፣ ከእሷ ወደ ሁለተኛው፣ ከእሱ ወደ ሴትየዋ ይሄዳል። ልጇ ትምህርት ቤት ነው። ሐኪሙ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ሁለቱንም የእጥበት ዓይነት በሥዕል ያሳያታል። በማሽን የሚሠራው በክንድ ላይ በሚዘጋጅ የደም ሥር መርፌ ገብቶ እንደሆነ፣ ለአራት ሰዓት ያ ክንድ መንቀሳቀስ እንደሌለበት ይነግራታል። ለሌሎች ታካሚዎች መቶ ጊዜ የተናገረው ነው።

ሴትየዋ ሁለት እጆቿን አንሥታ ታያቸዋለች። ከዚያ ትጠይቃለች፦ «አራት ሰዓት በአንድ እጄ ብቻ ነው የምናገረው ማለት ነው?»

ሐኪሙ ይህን አስቦት አያውቅም። ሌሊት በሆድ በኩል የሚያጥበውን ማሽን ያቀርብላታል፤ እጆቿ ነጻ ይሆናሉ። እሷም ማሽኑ ችግር ሲገጥመው በምን እንደሚያስታውቅ ትጠይቃለች። በድምፅ ነው። አብረው ይፈልጋሉ፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚበራ ማንቂያ ሊገጠምለት እንደሚችል ነርሷ ለመጠየቅ ትወጣለች። ሐኪሙ ሌላም አማራጭ ያነሳል፤ ያለ ማሽን፣ ቀን ቀን አራት ጊዜ ያህል ፈሳሹን በእጅ መቀየር፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የንጽሕና ጥንቃቄው ግን ጥብቅ ነው። ሴትየዋ ስለ ሥራ ሰዓቷ ትናገራለች፣ ስለ ክፍሏ ስፋት፣ ማታ አብራት ስላለች ሰው። ወረቀቱን ትቀበላለች፤ አትፈርምም። ለሳምንት ያህል አስባበት ከእነዚሁ ሁለት አስተርጓሚዎች ጋር እንደምትመለስ ትነግረዋለች፤ ሐኪሙም ቀጠሮውን በሁለቱ ስም ጭምር ይይዘዋል።